ካሬው በወደቀበት

አርባን ከተሻገሩ በኋላ ከልጆች እኩል ተማሪ መሆን ምን እንደሚመስል ልብስ ሰፊዋን ጠይቋት። «መጀመሪያ ጉልበት ያማል፤ ቀጥሎ ሐፍረት ያማል። ከዚያ ሁለቱም ይለመዳሉ» ትላችኋለች። ቀልድ ይመስላችኋል እንጂ የምሯን ነው።

ከአውቶቡስ ጋራዡ ፊት ለፊት ባለች አንድ በር ክፍል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ነው የኖረችው። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ የስፌት መኪናው፣ የመቁረጫው ጠረጴዛና እሷ ከገቡ ደንበኛው ደጅ ቆሞ ነበር የሚለካው። ከጋራዡ ደግሞ ቱታውን ሊያስጠግን የሚመላለስ አንድ መካኒክ ነበረ። ቱታው እዚህ ሲጠገን እዚያ ይቀደዳል፣ እዚያ ሲጠገን እዚህ። ሆን ብሎ ይቅደደው አይቅደደው እስከ ዛሬ አላመነም። ያገባችው እሱን ነው፤ ሦስት ልጆች አሳደጉ።

ልጆቹ ከፍ ከፍ ሲሉ ካቋረጠችበት ቀጥላ ማታ ማታ ተማረች። ዩኒቨርሲቲው ለሠራተኞች በከፈተው ክፍል ገባችና የግጦሽ መሬት ጥበቃ ልማር አለች። ጉድ ፈላ። ጎረቤት «ከጨርቅ ወደ ሣር?» ብሎ ሳቀ፤ ትልቋ ልጇ «እማዬ፣ ሒሳብ አያያዝ ብትማሪ አይሻልም?» አለች። እሷ ግን ምክንያት ነበራት። አባቷ ከብት አርቢ ነበሩ። ሕፃን ሳለች ግጦሹ ሣሳ፣ ከብቶቹ ከሱ፣ አንድ በአንድ አለቁ፤ ቤተሰቡም ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ከተማ ገባ። አባቷ ቀሪ ዕድሜያቸውን የመጋዘን ዘበኛ ሆነው ነው ያለፉት። መንገድ ዳር ሣር ካዩ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ሳይነኩት አያልፉም ነበር። ያንን ጎንበስ ማለት አልረሳችውም፤ ማንም ቢስቅባት ደንታ አልሰጣትም።

ለመመረቅ የቀራት የክረምቱ የመስክ ሥራ ብቻ ነበር። ብቻ ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ይህን ካላለፈች ዲግሪ የለም። ለሚቀጥለው ዓመት እንዳትል ደግሞ የሠራተኞቹ ክፍል በዚያው ዓመት ይዘጋል፤ ከዚያ ክፍል የቀረችው እሷ ብቻ ናት። እንግዲህ በዚያ ክረምት አለፈች አለፈች፤ ካልሆነ ያን ሁሉ ዓመት ውሃ በላው።

የመስክ ጣቢያው ኮረብታ ሥር ያለ ረጅም ባለቆርቆሮ ቤት ነው። በአንዱ ጫፍ አልጋዎች ተደርድረዋል፣ በሌላው ጫፍ የማድረቂያው ምድጃ ክፍል አለ፤ ቤቱ ሁሉ የደረቀ ሣር ይሸታል። ለሥራም ለመኝታም አብራት የተመደበችው ሬዲዮ የሚሏት ልጅ ናት። ሬዲዮ የተባለችው ጧት ዓይኗን ስትገልጥ ተከፍታ እንቅልፍ እስኪጥላት ስለማትዘጋ ነው። «እትዬ፣ ጉልበትዎ ዛሬ እንዴት አደረ? እኔ እንኳ በሕልሜ ሣር ሳጭድ ነው ያደርኩት፤ እርስዎስ?» መልስ አትጠብቅም፤ እሷው ጠይቃ እሷው ትመልሳለች። ልብስ ሰፊዋ ወደደቻት። የስፌት መኪና ድምፅ የለመደ ጆሮ ዝምታ አይወድም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ክንድ በክንድ የሚሆን፣ ከብረት ዘንግ የተበየደ ባዶ ካሬ አለ። ካሬውን ተዳፋቱ ላይ መወርወር፣ በወደቀበት ውስጡ ያለውን ሣር እስከ መሬት መከርከም፣ በወረቀት ከረጢት ከቶ ቀንና ቦታ መጻፍ። ከዚያ ምድጃው ያደርቀዋል፣ ሚዛኑ ይመዝነዋል። የብዙ ካሬ ሣር ሲመዘን መሬቱ ከብት ይችል ወይም አይችል እንደሆነ ይታወቃል። ታዲያ ካሬው ቦታ ሳይመረጥለት መውደቅ አለበት፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

ተዳፋቱን ለሁለት ከፈሉት፤ ቀኙን ሬዲዮ ያዘች፣ ግራውን ልብስ ሰፊዋ። መቀስ እንደሆነ ከእጇ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። ሬዲዮ ጣቷ ላይ ውሃ ቋጥሮባት ስትነፋው እሷ ካሬዋን ጨርሳ ቀጥሎ ያለውን ትወረውራለች። ማታ ከረጢቶቹ ምድጃው ክፍል ሲደረደሩ የእሷዎቹ ጠግበው ይቆማሉ፤ የሬዲዮ ግን ሆዳቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ ይጋደማሉ። አብረዋት ያሉት ተማሪ ልጆች ቀኑባት። እሷም ልዋሻችሁ አልችልም፣ ደስ አላት። ከእነዚያ ሁሉ ልጆች በአንድ ነገር መብለጥ ያስደስታል።

ከጣቢያው ዝቅ ብሎ ቤቷ ያለ አንዲት ባለወተት ነበረች፤ ጧት ጧት ለተማሪዎቹ ወተት የምታመጣ፣ የልብስ ሰፊዋ እኩያ። ላሞቿ የሚግጡት ያንኑ ተዳፋት ነው። ቅዳሜ አርቢዎቹ ተሰብስበው ተዳፋቱ ለሁለት ክረምት ይዘጋ ወይስ ለከብት ክፍት ይሁን ብለው ሊወስኑ ቀጠሮ ይዘዋል። ከተዘጋ ላሞቹ በደረቁ ወንዝ በኩል ዞረው ነው የሚውሉት፤ ለእግር ሩቅ፣ ለወተትም ጥሩ አይደለም።

«እህቴ፣ አንቺ ትለኪያለሽ አሉ። መሬታችን እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ኧረ ደህና ነው!» አለች ልብስ ሰፊዋ ከልቧ። «እንደሚያወሩበት አይደለም። ከረጢቴን ብታዪው ሙሉ ነው።»

ባለወተቷ ፊቷ በራ። የዚያን ቀን ወተቱን ጨምራ ሰጠች፤ ከዚያም ወሬውን ይዛ ቤት ለቤት ሄደች። ክፉ አላሰበችም፤ ሁለቱም ክፉ አላሰቡም።

አስተማሪያቸው ዶክተሯ ናት፤ በዕድሜ የልብስ ሰፊዋን ታናሽ እህት የምታህል፣ ሰፊ ባርኔጣ የምታደርግ፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት። አንድ ማለዳ የሁለቱን ሚዛን ጎን ለጎን አየችና ከልብስ ሰፊዋ ኋላ ኋላ ተዳፋቱን ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ወረወረች፤ ካሬው ጥቅጥቅ ያለ ሣር ላይ አረፈ። ከረከመች፣ ተራመደች፣ ወረወረች፤ አሁንም ሣር ላይ። ዶክተሯ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ እስከ ኮረብታው ወገብ ድረስ ስታይ ቆየች።

«እትዬ» አለች በመጨረሻ፣ «እዚህ እስክንደርስ ጠጠሩ ደጋግሞ አንሸራቶኛል። ባዶው መሬት እግሬ ሥር ነው። የእርስዎ ካሬ ውስጥ ግን አንድም ጊዜ አልገባም።»

«ልዋሽ መጣሁ እንዴ፣ ዶክተር?»

«አልዋሹም። እጅዎ ግን ይመርጣል።»

ከዚያ ያለውን ነገር በአጭሩ ነገረቻት። የግራው ተዳፋት ሚዛን በሙሉ ውድቅ ነው። ዓርብ ከሰዓት መኪናው የሚዛኑን መዝገብ ይዞ ወደ ከተማ ይመለሳል፤ እስከዚያ እንደ አዲስ ከተለካ ጥሩ፣ ካልተለካ ግን «ላሳልፍዎ አልችልም። ብፈልግም አልችልም» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። ካሬውን እዚያው ጥላው ስልክ ወደሚሠራበት ወደ ጉብታው ጫፍ ወጣች። ያን ያህል ዓመት የሰው ጨርቅ ሰፍታ ክር እንኳ ያልሰረቀች ሴት በሣር ሌባ ልትባል? ቦርሳዬን ልሸክፍና ልሂድ አለች በልቧ፤ ከዚያ ቤት ገብታ ለልጆቿ ምን እንደምትል አሰበችና እንባዋ መጣ። ባሏ ጋ ደወለች።

«የኔ ተማሪ» አላት መካኒኩ፤ ከበስተኋላው ሞተር ይጮኻል። ሁሉንም ነገረችው። እስክትጨርስ ሰማትና ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል? እኔ እዚህ እየተቃጠልኩ!»

«ያ የተቃጠለ ጣቃ ትዝ አይልሽም?»

ትዝ አላት። አንድ ዓመት የጨርቅ መጋዘን እሳት ነክቶት አንድ ጣቃ ሰማያዊ ጨርቅ በርካሽ ገዝታ ነበር፤ እዚህም እዚያም በእሳት የተበሳ። ከዚያ ጨርቅ ስንት ልጅ ዩኒፎርም ለበሰ፤ አንድ ወላጅ እንኳ የእሳት ምልክት አላየም።

«እኔ በሩ ላይ ቆሜ እያየሁሽ ነበር» አላት። «ከእኔ ጋር ታወሪያለሽ፣ ዓይንሽም እኔ ላይ ነው፤ እጅሽ ግን የልብሱን ልክ ከቀዳዳው ዞር እያደረገ ደህናው ላይ ያስቀምጠዋል። ቀዳዳው ሁሉ ጠረጴዛው ሥር ቀረ። አንቺ እንኳ አላየሽውም።»

ሥር ሥሩን አሰበችው። ዕድሜ ልኳን የተበሳውን ስታልፍ፣ ደህናውን ስትመርጥ ነው የኖረችው፤ ሙያዋ እሱ ነው። አመል ያወጣል ከመሀል አሉ፤ የእሷን አመል ደግሞ ሰው እስከ ዛሬ ጉብዝና ሲለው ነው የኖረው።

«እና ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የማውቀው ሞተር ነው። የታመመ ሞተር መጥቶልኝ ደህና ደህናውን ብቻ እየነካካሁ ‹ምንም የለበትም› ብለው ግን ሰውየው ገደል ይገባል። በይ ዓይንሽን ጥረጊና ተመለሽ። እዚህ ብትመጪም ማንም ምሳ አልሠራልሽም።»

ሳቋ አመለጣት፤ ተመለሰችም። ዶክተሯን ምድጃው ክፍል ከረጢት ስትደረድር አገኘቻት።

«ዶክተር፣ ተቆጥቼ ነበር። ልክ ነዎት፤ እጄ ይመርጣል። ከየት እንዳመጣውም አሁን ገባኝ።» የጣቃውን ነገር ነገረቻት።

ዶክተሯ ባርኔጣዋን አውልቃ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም» አለች። «እኔም ተወርውሮ ይለካል ተብዬ ተምሬ፣ ወርውሩ ብዬ አስተማርኩ። የሰው እጅ ዓይን እንዳለው ማወቅ ነበረብኝ። ከነገ ጀምሮ ማንም አይወረውርም፤ በዕጣ ነው።»

ዕጣው እንዲህ ነው። ረጅሙ ሜትር ከተዳፋቱ ግርጌ ወደ ላይ ይዘረጋል። የተጠቀለሉ ቁጥሮች ባርኔጣ ውስጥ ይገባሉ፤ አንድ ቁጥር ወጥቶ ወደ ላይ ያን ያህል መሄድ፣ ሁለተኛው ወጥቶ ወደ ጎን ያን ያህል። ካሬው እዚያ ይቀመጣል፤ ሣር ይሁን ድንጋይ፣ እሾህ ይሁን ጉድጓድ። ሬዲዮ የራሷን ጨርሳ ስለነበር «ባርኔጣውን እኔ እይዛለሁ፣ እትዬ። የሎተሪ ልጅ ነኝ፣ አያሳስብዎ» ብላ ተከተለቻት።

የመጀመሪያው ዕጣ ያሳረፋት ልሙጥ ጠጠር ላይ ነው። ካሬውን አስቀመጠች። ውስጡ አቧራና የተሰነጠቀ መሬት፤ ሌላ ምንም። ከብረቱ ጥቂት ጣት ራቅ ብሎ ግን እፍኝ የሚሞላ ያማረ ሣር ቆሟል። እጇ ሄደ። የካሬውን ጠርዝ ያዘ። ሬዲዮ እንኳ ዝም አለች፤ ይህ ሲሆን ያን ክረምት የመጀመሪያው ነው።

ልብስ ሰፊዋ እጇን አየችው። የራሷ እጅ፣ መርፌ የበሳሳው። አባቷም ጎንበስ ሲሉ የሚነኩት ያለውን ሣር ነበር፤ ያለቀውን ለመንካት ሆዳቸው አልቻለም። እሷም ያው ናት። ብረቱን ለቀቀችና ባዶ ከረጢት አወጣች።

«ምን ልንከት ነው?» አለች ሬዲዮ በቀስታ።

«ምንም። ቀኑንና ቦታውን ጻፊበት፤ እሱም ከሌሎቹ ጋር ይሰለፋል።»

ባዶ ከረጢት ማጠፍ እንዴት እንደሚከብድ ያልሞከረው አያውቅም። ቀጣዩ ዕጣ ትንሽ ሣር ሰጣት፤ ከዚያ ባዶ፤ ከዚያ እንደገና ባዶ። ዝናብ መጥቶ አበሰበሳቸው፤ ጉልበቷ እያበጠ በእንብርክኳ ከረከመች። ሬዲዮ ልጨርስልዎ ብትላት እንቢ አለች። ዓርብ ረፋድ ላይ የመጨረሻው ከረጢት ከምድጃ ወጥቶ ተመዘነ። የግራው ተዳፋት ሚዛን ከቀኙ ጋር ሲተያይ አንድ ሆነ፤ ቀጭንና የተራበ። ዶክተሯ አንገቷን ነቀነቀች። «አልፈዋል፣ እትዬ» አለቻት፤ ሬዲዮም እልልታዋን አቀለጠችው።

ልብስ ሰፊዋ ግን ደስታዋን በቅጡ ሳታጣጥም ሌላ ነገር ወጋት። ባለወተቷ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያ «ደህና ነው» ያለችው ቃል ስንት ቤት ገብቷል። ቅዳሜ ነገ ነው። እግሯን እየጎተተች ወረደች።

ባለወተቷ ጥጃ እያሰረች ነበር። «እህቴ» አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ «የነገርኩሽ ሐሰት ነው። ላታልልሽ ብዬ አይደለም፤ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ለክቼ ነው። እንደገና ለካሁት። መሬቱ አልቋል።»

ባለወተቷ ገመዱን ጣለችው። «በሰው ፊት አስቁመሽኝ? ‹የተማረች ሴት ነገረችኝ› ብዬ ለስንቱ ተናግሬ? አሁን ምን ብዬ ልመለስ?»

«አንቺ አትመለሺም። እኔ እመጣና እናገራለሁ።»

«ላሞቼስ? በወንዙ ዞረው ሊሄዱ? አንቺ ነሽ የምትነጂያቸው?»

«አላውቅም፣ እህቴ። የማውቀው አሁን ካልተዘጋ የእኔ አባት እንደሆኑት እንደምትሆኑ ነው» አለችና ስለ ጋሪው፣ ስለ መጋዘኑ ዘበኝነት ነገረቻት። ባለወተቷ ጀርባዋን ሰጥታት ጥጃዋን አሰረች።

ልብስ ሰፊዋ ከመኪናው ጋር ከተማ አልገባችም። ቅዳሜ አርቢዎቹ ፊት ቆመች፤ በሰው ፊት ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ባዶዎቹን ከረጢቶች አንድ በአንድ ሣሩ ላይ ደረደረቻቸው፤ ሙሉዎቹም ከጎናቸው። «ሙሉዎቹን ብቻ ነበር ያየሁት» አለች። «እነዚህ ባዶዎቹ ግን ይበዛሉ።» አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዱም «ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ፤ የትኛውን እንመን?» አላት፤ ልክ ነው፣ ሊላት ይገባል። እስከ ቀትር ተከራከሩና ተዳፋቱ ለሁለት ክረምት ይዘጋ ብለው ተለያዩ። ባለወተቷ ሳትሰናበታት ሄደች።

ምርቃቷን ባሏ አዲስ ቱታ ለብሶ ተገኘ፤ ሌላ ልብስ አያምርብኝም ብሎ። በዓመቱ ጣቢያው የመስክ ለኪ ብሎ ቀጠራት፤ የስፌት መኪናውን ለመካከለኛዋ ልጇ ለቀቀችላት። ክረምቱ ሲገባ አዳዲስ ተማሪዎች ይዛ ተዳፋቱ ሥር ስትደርስ ባለወተቷ ዱላዋን ተደግፋ ቆማ አገኘቻት። ዓመት ሙሉ ላሞቿን በደረቁ ወንዝ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት፤ ከስታለች።

«እኔም ልየው» አለች እንጂ እንደምን ከረምሽ አላለችም። «ዕጣውንም ራሴ አወጣለሁ። የአንቺን እጅ አላምንም።»

«እኔም አላምነውም» አለች ልብስ ሰፊዋና ባርኔጣውን ዘረጋችላት።

ባለወተቷ ሁለት ቁጥር አወጣች። ሜትሩን ተከትለው ወጡ፤ ያምናው የመጀመሪያ ባዶ ካሬ ከነበረበት ብዙ አልራቁም። ካሬው ተቀመጠ። ግማሹ ያው ጠጠር ነው። በግማሹ ግን አዲስ ሣር ብቅ ብሏል፤ አጭር፣ ሣሣ ያለ፣ እንደ ሕፃን ፀጉር። ባለወተቷ ዱላዋን ጥላ ተንበረከከች። ከብረቱ ውጪ፣ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ የደለበ ሣር አየች። እጇ ሄደ፤ ብረቱን ይዛ ወደዚያ ሳብ አደረገችው።

«ትንሽ ነው እኮ የቀረው» አለች። «ትንሽ ብቻ።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን በባለወተቷ እጅ ላይ አኖረችና ካሬውን ወደ ቦታው መለሰችው። «ተይው፣ እህቴ። በወደቀበት ይበቃናል።»

ከዚያ ሣሩን ከረከመችው፤ ከረጢት ውስጥ ከታ ቀንና ቦታ ጽፋ ለባለወተቷ አቀበለቻት። ባለወተቷ በመዳፏ ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነችው።

«ቀላል ናት» አለች።

«ቀላል ናት። አምና ግን ባዶ ነበረች፤ በይ በደንብ ያዣት፣ እንዳትፈስብን።»